የመካኒክ ሥራ ለሮልፕሌይ ሰርቨር፦ የትኛው ሲስተም ይሻላችኋል?

ሮልፕሌይ ሰርቨር ማለት ተጫዋቾች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚኖርበት የጂቲኤ 5 ጨዋታ ዓለም ነው። እዚያ ሌሊት ነው። አንድ ልጅ ከፓሌቶ ቤይ ወደ ሎስ ሳንቶስ ሲነዳ መኪናው መጨስ ትጀምራለች። ጥግ ይዞ ያቆማል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ስልኩን ያወጣል፣ መካኒክ ይጠራል።

አንዱ ሰርቨር ላይ ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንዲህ ነው። መካኒኩ ይመጣል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ አረንጓዴው መስመር አሥር ሰከንድ ይሞላል፣ መኪናዋ አዲስ ትሆናለች። ሂሳብ ይላካል፣ ይከፈላል፣ መካኒኩ ይሄዳል። ሁለቱ የተለዋወጡት ቃል «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው።

ሌላው ሰርቨር ላይ ግን መካኒኩ መጀመሪያ ይጠይቃል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሞቀው?» «ከትናንት ማታ።» «ውሃ ጨምረህባታል?» «ኧረ አላየሁትም።» ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ራዲያተሩ አልቆለታል። «ወንድሜ፣ ይሄ እዚህ አይሠራም፤ ጋራዥ መግባት አለባት» ይላል። ጎታቹ መኪና ላይ ይጭኗታል። ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ ሁለቱ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

በሁለቱም ዓይነት ሰርቨር ብዙ ተጫውቻለሁ። ከመጀመሪያው አንድም መካኒክ አላስታውስም። ከሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ የማወራቸው ጓደኞች አሉኝ።

ስለዚህ ሲስተም ስመርጥ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው፣ ይሄ ነገር ሁለት ሰው ያገናኛል ወይ የሚለውን ነው። ስንት ዕቃ ይቀየራል፣ ስንት አኒሜሽን አለው፣ ታብሌቱ ያምራል ወይ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የማወራው ስለ ፋይቭኤም ነው። ጂቲኤ 5ን በኮምፒውተር ላይ በራሳችን ሰርቨር እንድንጫወት የሚያስችለው መድረክ ማለት ነው። የሠራው ቡድን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ የጨዋታው ሠሪ የሮክስታር አካል ሆኗል። ሰርቨሮቹ በአብዛኛው ሉዋ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ስክሪፕቶች ናቸው የሚያስኬዷቸው። ሥሩ ላይ ደግሞ ፍሬምወርክ፣ ሌሎቹ ስክሪፕቶች የሚቆሙበት መሠረት፣ አለ፤ ብዙዎቹ ኢኤስኤክስ፣ ኪውቢኮር ወይም ከኪውቢኮር የወጣውን ኪውቦክስ ይጠቀማሉ። የመካኒክ ምርጫችሁ ከዚያ ይጀምራል።

በነፃ የሚመጡት ሁለቱ

የኢኤስኤክስ የመካኒክ ሥራ ቀላል ነው። መካኒኩ የጥገና መሣሪያ ይሰበስባል። ከዚያ ወደ መጠገኛ ኪት ይቀይረዋል። ኪቱን መኪናዋ ላይ ሲጠቀም ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። መኪና የሚጭን ፍላትቤድም አለው። ይሄው ነው።

ቀላል መሆኑ ነውር አይደለም። ሰርቨራችሁ አዲስ ከሆነና ማታ ማታ አሥራ አምስት ሰው ብቻ የሚገባበት ከሆነ፣ በዚህ ጀምሩ። በመጀመሪያው ወር የሚያስጨንቃችሁ ሌላ ብዙ ነገር አለ። ችግሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ሁሉም ብልሽት አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉም ጥገና አንድ ዓይነት ይሆናል። መካኒኩ የሚያስበው ነገር የለም፤ የማያስብ ሰው ደግሞ አያወራም።

የኪውቢኮር መካኒክ ሥራ፣ ለዓመታት የምናውቀው ስሪቱ ማለቴ ነው፣ መኪናዋን ከፋፍሎ ያያታል። ሞተርና ቦዲ ከ1000 ይቆጠራሉ። ራዲያተር፣ አክስል፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና የነዳጅ ታንከር ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ100። ለአንዱ ዕቃ ብረት ይፈለጋል፣ ለሌላው አልሙኒየም። ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። መካኒኩ አልሙኒየም ከሆነ ቦታ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስብ ተጫዋች ደንበኛ ያገኛል። ያ ተጫዋች መኪና ገዝቶ ሲያጋጭ ተመልሶ መካኒኩ ጋ ይመጣል።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት ኪውቢኮርን እመርጣለሁ። «ራዲያተሯ ሄዷል» የሚል ዓረፍተ ነገር «ተበላሽታለች» ከሚለው የበለጠ ወሬ ይወልዳል። ግን ኢኤስኤክስ ላይ አንድ ዓመት የሠራችሁበት ሰርቨር ካላችሁ፣ ለመካኒክ ብላችሁ ፍሬምወርክ አትቀይሩ። ቤት ለበር ተብሎ አይፈርስም። ኢኤስኤክስ ላይ በዕቃ የተከፋፈለ ሌላ ስክሪፕት መጫን ይቻላል።

ጉዳቱ በምን ይቆጠራል?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

አንዳንዱ ሲስተም የጨዋታውን የራሱን ቁጥር ብቻ ነው የሚያነበው። ጂቲኤ 5 ውስጥ የማንኛውም መኪና ሞተር በ1000 ይጀምራል። ወደ 300 ሲወርድ መጨስና አቅም ማጣት ይመጣል። ከዜሮ በታች ሲገባ እሳት ይነሳል። የነዳጅ ታንከሩም የራሱ 1000 አለው፤ 650 አካባቢ ሲደርስ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ይህ ያለ ምንም ስክሪፕት የሚሠራ ነው። ጉድለቱ፣ ቁጥሩ የሚወርደው በግጭትና በጥይት ነው። ተጠንቅቆ የሚነዳ ሰው ስድስት ወር ተጫውቶ መካኒክ ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ደንበኞቻችሁ ሁሉ ፖሊስ የሚሸሹ ልጆች ይሆናሉ።

ሌላው መንገድ ቅድም ያየነው፣ በዕቃ መከፋፈል ነው። ይሻላል። ሆኖም ብዙ ጊዜ አሁንም ከግጭት ጋር የተሳሰረ ነው።

ሦስተኛው በኪሎ ሜትር መቁጠር ነው። መኪናዋ በሄደች ቁጥር የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን ያልቃል። እኔ የማምነው በዚህኛው ነው። ምክንያቱም ሁሉንም ሰው ጋራዥ ያመጣል። ታክሲ የሚነዳው ቋሚ ደንበኛ ይሆናል። አምቡላንሶቹ በየሳምንቱ ሰርቪስ ይገባሉ። ከሆስፒታሉ ጋር ውል የሚፈራረም ጋራዥ ይፈጠራል። ይሄን ማንም በስክሪፕት አልጻፈውም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ያመጡታል።

አደጋው የፍጥነት ልኩ ነው። ዘይት በየአርባ ደቂቃው የሚያልቅ ከሆነ ሰዉ ይማረራል፣ ትክክልም ነው። የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ በቀን ሁለት ሰዓት የሚጫወት ሰው በሳምንት አንዴ ሰርቪስ ይግባ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቀንሱት። ሌላው ደግሞ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይምጣ። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ መኪናዋ ለመቆም ትዘግይ፤ ድንገት ፍሬን አልባ አትሁን። ጥሩ ስክሪፕት የመኪናዋን የፍሬን ኃይል ወይም የሞተር ጉልበት ራሱን ነው የሚቀንሰው። ሹፌሩ መሪው ላይ ሆኖ ይሰማዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰፈራችን ጋራዥ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። መኪና ሲመጣላቸው ወዲያው አይፈቱም። ሞተሩ እየሠራ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳሉ። ጫፉን ሞተሩ ላይ ያስጠጋሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቦታ ይቀይራሉ፣ እንደገና ያዳምጣሉ። ከዚያ «ኩሽኔታ ነው» ይላሉ። እውነትም ኩሽኔታ ይሆናል። የመኪናው ባለቤት ያን ጊዜ ሁሉ አጠገባቸው ቆሞ ፊታቸውን ያያል።

ሮልፕሌይ ማለት ለእኔ ያቺ ደቂቃ ናት። አንዳንድ ሲስተም ግን ይገድላታል። ለሹፌሩ ስክሪኑ ላይ «ፍሬን 34 በመቶ» ብሎ ይጽፍለታል። ሹፌሩ ሁሉን ካወቀ መካኒኩ ምን ሊነግረው ነው? ስለዚህ ስታወዳድሩ ይሄን በደንብ እዩ። ሹፌሩ ምልክቱን ብቻ ይይ፦ ጭስ፣ ድምፅ፣ ጉልበት ማነስ፣ ቢበዛ ዳሽቦርድ ላይ አንድ መብራት። ቁጥሩ የመካኒኩ ይሁን፣ ያውም መሣሪያውን ሲሰካ ብቻ። ብዙዎቹ ስክሪፕቶች ኮንፊግ (የማስተካከያ ፋይል) ውስጥ የሹፌሩን ማሳያ የማጥፊያ ቦታ አላቸው። ካለው አጥፉት። ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

ኤሌክትሪክ መኪናም አትርሱ። ጨዋታው ውስጥ እንደ ቮልቲክ ያሉ በባትሪ የሚሄዱ መኪኖች አሉ። ቮልቲክ ላይ «ዘይት ይቀየር» የሚል ሲስተም ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ከሚሸጡት ውስጥ እንደ ጄጂ መካኒክ ያሉት ለኤሌክትሪክ የተለየ ዝርዝር አላቸው፤ ዘይትና ካንዴላ ሳይሆን የባትሪና የሞተር አገልግሎት ይጠይቃሉ። የኛ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ካለ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ ልጆች ኤሌክትሪክ መኪና ከጎረቤት ግቢ ያውቃሉ። ስህተቱን ወዲያው ነው የሚያዩት።

«ጠግኜዋለሁ» «እኔ ጋ ግን ይጨሳል»

ይቺ ንግግር ስንቱን ትዕይንት እንዳፈረሰች። አንድ ሰርቨር ላይ መካኒክ ሆኜ ሃያ ደቂቃ የፈጀ ጥገና ጨረስኩ። እኔ ስክሪን ላይ መኪናዋ ንጹሕ ናት። ደንበኛው ገብቶ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩ እሳት ያዘ። ሁለታችንም ከገጸ ባሕርያችን ወጥተን ለአስተዳዳሪ ትኬት ስንጽፍ አመሸን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፋይቭኤም ላይ እያንዳንዱ መኪና በአንድ ጊዜ የሚቆጣጠረው የአንድ ተጫዋች ኮምፒውተር ነው። ብዙ ጊዜ የሹፌሩ። መካኒኩ በራሱ ኮምፒውተር ላይ «ሞተር 1000 ይሁን» ቢል፣ ቁጥጥሩ እሱ ጋ ካልሆነ ለውጡ ሌላ ቦታ አይደርስም። በደንብ የተጻፈ ስክሪፕት ወይ መጀመሪያ ቁጥጥሩን ይጠይቃል፣ ወይ ትዕዛዙን በሰርቨር በኩል ለሚቆጣጠረው ሰው ይልካል። የዕቃዎቹን ሁኔታም ስቴት ባግ በሚባለው፣ ለሁሉም ተጫዋች በሚደርስ መረጃ ከመኪናዋ ጋር ያስራል፤ ያኔ ሁሉም አንድ ቁጥር ያያል። መኪናዋ ማቆሚያ ጋራዥ ገብታ ስትወጣም ቁጥሩ ከዳታቤዝ ይመለስ። አለበለዚያ ሰዉ መኪናውን አስገብቶ በማውጣት በነፃ ይጠግናል።

ይሄ የማስታወቂያ ቪዲዮ ላይ አይታይም። ቪዲዮው የአንድ ሰው ስክሪን ነው። ራሳችሁ ነው መፈተን ያለባችሁ፤ እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። በተለይ እኛ ከአዲስ አበባ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ ስንገባ ፒንጋችን፣ ማለትም ትዕዛዛችን ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ፣ ከፍ ያለ ነው። የሁሉንም ስክሪን አንድ የማያደርግ ደካማ ሲንክ መጀመሪያ የሚታየው እኛ ላይ ነው። በሰዓቱ ቁልፍ የመጫን ሚኒጌም ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ በፒንግ አይጎዳም። እሱን አትፍሩ።

ከዚሁ ጋር ደህንነት አለ። ጥገናውንም ሆነ ክፍያውን ሰርቨሩ ማረጋገጥ አለበት፦ ሰውዬው እውነት መካኒክ ነው? መኪናዋ አጠገብ ነው? ዕቃው ኪሱ ውስጥ አለ? ይሄን የማይጠይቅ ስክሪፕት ለአጭበርባሪ የተከፈተ በር ነው።

ስንት መካኒክ አላችሁ?

ዝርዝር ያለው ሲስተም የሚፈልገው ሰው ነው። ሠላሳ ሰው በሚገባበት ሰርቨር ሁለት መካኒክ ብቻ ካለና ሁለቱም ተኝተው ከሆነ፣ የተበላሸ ራዲያተር ቅጣት ነው የሚሆነው። ተጫዋቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይቀርና ጨዋታውን ዘግቶ ይሄዳል።

የአማርኛ ሰርቨር ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ግማሹ ልጅ ሲተኛ ግማሹ ይገባል። ሁለት ጋራዥ አቋቁማችሁ አንዱን ለሀገር ቤት ልጆች፣ አንዱን አሜሪካ ላሉት ብትሰጡ ጥሩ ይሠራል።

መካኒክ በሌለበት ሰዓት የሚከፈት አውቶማቲክ ጥገናም ያስፈልጋል። ጨዋታው ውስጥ ካሉት የሎስ ሳንቶስ ከስተምስ ጋራዦች አንዱን ለዚህ አድርጉት። ግን ሁለት ነገር ጠብቁ። ዋጋው ከሰው መካኒክ ይወደድ፤ ጥገናውም ግማሽ ይሁን፣ ለምሳሌ ሞተሩን እስከ 500 ብቻ ያድርስ። መኪናዋ ቤት ትደርሳለች፣ ሰውዬው ግን ነገ መካኒክ ጋ ይሄዳል። ሲስተም ስትመርጡ ዲዩቲ ላይ ስንት መካኒክ እንዳለ ቆጥሮ ይሄን የሚከፍትና የሚዘጋ መሆኑን እዩ። ይሄ የሌለውን ለትንሽ ሰርቨር አልመክርም፣ የቱንም ያህል ያማረ ይሁን።

መግዛት ወይስ ራስ መሥራት?

የሚሸጡት ስክሪፕቶች የሚገኙት ቴቤክስ በሚባለው የኢንተርኔት ሱቅ በኩል ነው። አብዛኞቹ ኮዳቸው የተቆለፈ ነው፤ የምትከፍቱት ኮንፊጉንና የቋንቋ ፋይሉን ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መመሪያ ገጹን አንብቡ። የዕቃ ማለቂያ ፍጥነት ይቀየራል? ክፍያው ወደ ጋራዡ ካዝና ይገባል ወይስ ወደ መካኒኩ ኪስ? የእናንተን ፍሬምወርክና ኢንቬንተሪ (የተጫዋቹን ዕቃ የሚይዘውን ስክሪፕት) ይደግፋል? ማንም ሳይጠቀምበት ዝም ብሎ ሲቀመጥ ስንት ሚሊሰከንድ ይወስዳል? እኔ ከ0.02 በላይ ከሆነ ደስ አይለኝም። አርባ ስክሪፕት አንድ ላይ ሲደመር ደካማ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ነው የሚጎዳው።

ከሀገር ቤት ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ውጭ ያለ ጓደኛ ይከፍልላችሁ። ፈቃዱ ግን በሰርቨሩ ባለቤት አካውንት ይመዝገብ። ጓደኛው ሰርቨሩን ትቶ ሲሄድ ስክሪፕቱ አብሮት እንዳይሄድ። አደራ፣ የተሰረቀ ስክሪፕት አትጫኑ። «በነፃ ለቀቁት» የሚባለው ፋይል ውስጥ ሰርቨራችሁን ለሌላ ሰው የሚከፍት ኮድ ተደብቆ ሊመጣ ይችላል። የሠራውም ልጅ እንደ እናንተው ሌሊት የሠራ ነው።

ሉዋ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ደግሞ ራሳችሁ ሥሩ። ኦክስ ሊብ የሚባለው ነፃ የኮድ ስብስብ የሚሞላውን መስመርና ሚኒጌሙን አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል። በሃያ ዕቃ አትጀምሩ። በዘይት፣ በፍሬንና በራዲያተር ጀምሩ። ሦስቱ በትክክል ሲሠሩ አራተኛውን ጨምሩ።

በአማርኛ ከሆነ

የጋራዥ አማርኛ የራሱ ጣዕም አለው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ። ከጣልያንኛ መጥቶ የኛ የሆነ ቃል ነው። የቋንቋ ፋይሉን ስትሞሉ «የጭስ ማስወጫ መሣሪያ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ማርሚታ በሉት። «ብልጭታ ሰጪ» አትበሉ፤ ካንዴላ ነው። ልጆቹ ማይክ ላይ የሚሉት ይሄንን ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ግን አለ። ጨዋታው ራሱ የሚስለው ጽሑፍ የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው። በኤችቲኤምኤል የተሠራ ገጽ ግን የአማርኛ ፎንት አብሮት ካለ ፊደላችንን በደንብ ያሳያል። ስለዚህ አማርኛ የምትፈልጉ ከሆነ ሜኑው፣ ታብሌቱና ማሳወቂያው ሁሉ በኤችቲኤምኤል የተሠራ ስክሪፕት ምረጡ። የቆዩት ነፃ ስክሪፕቶች እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚወድቁት።

እንግዲህ የቱን?

ከሃያ ሰው በታች ከሆናችሁ የፍሬምወርካችሁን ነፃ የመካኒክ ሥራ ያዙ። አውቶማቲክ ጥገና ጨምሩበት፣ በዚያ ይብቃ። ከሃያ እስከ ሃምሳ ከሆናችሁና አራት አምስት ታማኝ መካኒክ ካላችሁ በዕቃ የሚከፋፈለውን ውሰዱ፣ የኪሎ ሜትር ሰርቪሱን ቀስ ብላችሁ አስገቡ። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ፣ ሁለት ሦስት ጋራዥ የሚወዳደሩበት ከተማ ካላችሁ፣ ያኔ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል። አንድ ሰው ሉዋ የሚችልላችሁ ከሆነ ግን በየትኛውም ደረጃ የራስ ሥራን አስቀድማለሁ፤ ሌሊት ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው አጠገባችሁ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት የመሞከሪያ ሰርቨር ላይ ሁለት ሰው ይግባ። አንዱ አዲስ አበባ ያለ፣ አንዱ ውጭ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ውጭ ያለው መኪናዋን ግድግዳ ላይ አጋጭቶ እስክትጨስ ያድርስ። የአዲስ አበባው ይጠግን። ጥገናው ሲያልቅ ሹፌሩ መኪናዋን አስነስቶ እስከ ፓሌቶ ቤይ ይንዳ፣ ማቆሚያ ጋራዥ ያስገባት፣ ያውጣት። ከዚያ ሁለቱም የሚያዩትን ቁጥር ጮክ ብለው ያንብቡ።